አንጀቱ ውጭ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ለምን ወዲያው አይሰፋም?

ጥያቄው፦ «በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት የ19 ዓመት እናት 2.3 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ልጅ ወለደች። ከእትብቱ በስተቀኝ ባለ ቀዳዳ አንጀቱ በሙሉ ወጥቷል፤ የሸፈነው ነገር አልነበረም። በሳላይን በራሰ ጎዝ ጠቀለልነው፣ እትብቱን እንደ ወትሮው አሳጥረን አሰርን፣ ሪፈር ጻፍን። ሲደርስ የሰውነቱ ሙቀት 34 ዲግሪ ነበር አሉን። እዚያም ኦፕራሲዮን አላደረጉለትም፤ አንጀቱን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተው ሰቀሉት። በአራተኛው ቀን አረፈ። ቤተሰቡ ‹ቶሎ ቢሰፉት ኖሮ ይተርፍ ነበር› እያለ ነው። እውነት ነው? እኛስ ምን ማድረግ ነበረብን?»

የቤተሰቡን ላስቀድም። ልጁን ሳላይ በምን እንዳረፈ አልናገርም። ከረጢቱ ግን ቸልተኝነት አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ ነው። የገለጻችሁት ጋስትሮስኪሲስ የሚባለው ችግር ነው። አንጀቱ ማህፀን ውስጥ ሳለ ከሆዱ ውጭ ስላደገ፣ ሆዱ ለአንጀቱ የሚበቃ ቦታ ሳያበጅ ይወለዳል። በዚያ ላይ አንጀቱ ለወራት በሽርት ውሃ ተነክሮ ስለከረመ ያብጣል፣ ይወፍራል፤ ላዩ ላይም እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ የጋገረ ሽፋን ይይዛል። ይህን ጠባብ ሆድ ውስጥ በግድ ብትጠቀጥቁት ደረቱን ከሆዱ የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራሙ፣ ወደ ላይ ይገፋና ትንፋሽ ያጥረዋል። ከእግሮቹ ደም የሚመልሰው ትልቁ የደም ሥር ይጨፈለቅና እግሮቹ ይጠቁራሉ። ኩላሊቱ ደም ያጣና ሽንት ይቆማል። መጨረሻ ላይ አንጀቱ ራሱ ይሞታል። ስፌቱ ያማረ፣ ልጁ ግን ያልተረፈ ኦፕራሲዮን ማለት ይኸው ነው። ሆዱን መዝጋት የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ እጅ ልምጣ። በ2021 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ በ74 አገሮች የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ጋስትሮስኪሲስ ካለባቸው ሕፃናት ውስጥ በዝቅተኛ ገቢ አገሮች 90 በመቶው ሲሞቱ በከፍተኛ ገቢ አገሮች የሞቱት 1.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ያህል ልዩነት ምላጭና ክር ብቻቸውን አያመጡትም። በእኔ ግምት ትልቁ ድርሻ የሙቀት፣ የፈሳሽ፣ የኢንፌክሽንና የምግብ ነው፤ ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጤና ጣቢያ ይጀምራሉ።

የራሰ ጎዝ ትክክል የሚመስል ስህተት ነው። በድሬ ሙቀት የውሃ ጀሪካን በራሰ ጆንያ ተጠቅልሎ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ለምን ይቀዘቅዛል? እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። የልጁ አንጀት ላይም የሆነው ያ ነው፤ ሞቅ አድርጋችሁ ብታርሱት እንኳ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይቀዘቅዛል። ‹ድሬዳዋ ነው፣ ምን ይበርደዋል› የሚለው ነገር ብዙ ልጅ ያስጎዳል። የክፍሉ አየር 30 ዲግሪ ቢሆን እንኳ እርጥብ አንጀቱ የተገለጠ ሕፃን ይቀዘቅዛል። ወደ ሐረር የሚወስደው መኪና ደግሞ ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ደንገጎን ወጥቶ ሐሮማያ አካባቢ ሲደርስ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ታች ሲነሱ የተከፈተው የአምቡላንስ መስኮት እዚያም ክፍት ከቆየ ልጁ መቀዝቀዙ አይቀርም። ሾፌሩን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ታዲያ በጎዙ ፋንታ ምን? ልጁ እንደተወለደ ጭንቅላቱንና ደረቱን አድርቁ፣ ኮፍያ አጥልቁለት። ከዚያ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ጓንት አድርጋችሁ፣ ከእግሩ ጀምሮ እስከ ብብቱ ድረስ አንጀቱንም ጨምሮ ንጹሕ ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገቡት፤ አፉን ብብቱ ሥር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ስቴራይል ከረጢት ካለ እሰየው። ከሌለ ምግብ የሚጠቀለልበት ግልጽ ፕላስቲክ፣ አዲስ ከጥቅሉ የወጣ፣ ሆዱን ከነአንጀቱ ዙሪያውን ይጠቀለልበት። ጥቁር ፌስታል አይሆንም። ንጽሕናው ብቻ አይደለም ጉዳዩ፤ ቀለሙን ይደብቅባችኋል። በግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ በየ15 ደቂቃው የምታዩት የአንጀቱን ቀለም ነው። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደም እየደረሰው ነው። ወይን ጠጅ እየመሰለ ከሄደ አንድ ቦታ ታጥፏል ማለት ነው።

የሚታጠፈው በራሱ ክብደት ወደ ጎን ሲንጠለጠል ነው። ደም የሚያመጡለት ሥሮች በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ነው የሚያልፉት፤ አንጀቱ ወደ ግራ ሲወድቅ ጠርዙ ላይ ይታነቃሉ። ስለዚህ ልጁን በቀኝ ጎኑ አስተኙት፤ ቀዳዳው በቀኝ ስለሆነ አንጀቱ ከጎኑ አልጋው ላይ ያርፋል። በጀርባው ማስተኛት ግድ ከሆነ አንጀቱን ሆዱ መሐል ላይ ክምር አድርጋችሁ ዙሪያውን በተጠቀለለ ጨርቅ ደግፉት። ቀለሙ ከጠቆረ በፕላስቲኩ ላይ ሆናችሁ አንጀቱን ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጉት፤ ቀለሙ ካልተመለሰ ቀዳዳው ራሱ እያነቀው ነውና ለሚቀበላችሁ ሐኪም ወዲያው ደውሉ። ወደ ውስጥ ለመመለስ ግን አትሞክሩ።

እትብቱን አታሳጥሩት። ይህን ማንም በቅጡ የነገራችሁ አይመስለኝም። 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉለት፤ ጫፉን እሰሩ፤ እንዳይደርቅም ከአንጀቱ ጋር ፕላስቲኩ ውስጥ ይሁን። ምክንያቱን ወደ ታች ስወርድ ታገኙታላችሁ።

ጨጓራው ባዶ መሆን አለበት። አየርና ሐሞት አንጀቱን ከውስጥ ከነፉት ከውጭ የምናደርገው ሁሉ ከንቱ ነው። 8 ወይም 10 ቁጥር ቱቦ በአፉ አስገቡ። 5 ቁጥሩ ቀጭን ነው፤ በሐሞት ይደፈናል፤ ቱቦ አለው ተብሎ ሆዱ ተነፍቶ የሚደርስ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የገጠመው ነው። በየግማሽ ሰዓቱ በሲሪንጅ ሳቡ፤ በመሐሉ አፉን አትድፈኑት፤ ከልጁ ዝቅ አድርጋችሁ ክፍት ተዉት። በአምቡባግ (በእጅ እየተጨመቀ በሚያስተነፍሰው ከረጢት) መርዳት ካስፈለገ አየሩ ወደ ጨጓራም ስለሚገባ ቱቦው ክፍት መሆኑን ደግማችሁ እዩ። በአፉ ምግብ አይሰጠውም።

ፈሳሹን በዚሁ ልጅ ላስላው። 20 ሚሊ ሊትር በኪሎ ሪንገር ወይም ኖርማል ሳላይን ማለት ለ2.3 ኪሎ 46 ሚሊ ሊትር ነው፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይግባ። ከዚያ 10 በመቶ ግሉኮስ በቀን 120 ሚሊ ሊትር በኪሎ፤ በአጠቃላይ 276፣ በሰዓት 11.5 ሚሊ ሊትር። 60 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆነው የሕፃናት የፈሳሽ ማንጠብጠቢያ ከሆነ የሰዓቱ ቁጥርና የደቂቃው ጠብታ እኩል ነው፤ በደቂቃ 11 ወይም 12 ጠብታ ቁጠሩ። ይህ ለጤነኛ አንድ ቀን ልጅ ከሚሰጠው እጥፍ ነው፤ ከተገለጠ አንጀት የሚተነው ብዙ ስለሆነ። ዳይፐሩ ግን ይመስክር፦ በሰዓት በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ሽንት ከወጣ በቂ ነው። ‹ይጨመር፣ ይጨመር› እያላችሁ ብታጠጡት አንጀቱ የባሰ ያብጣል። ካኑላውን እጁ ላይ እንጂ እግሩ ላይ አታድርጉት፤ በኋላ ሆዱ ውስጥ ግፊት ሲጨምር የእግር መስመር አያስተማምንም። ስኳሩን ከተረከዙ ለኩ፤ ከ45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ 10 በመቶ ግሉኮስ 2 ሚሊ ሊትር በኪሎ በቀስታ ስጡ። እጃችሁ ላይ ያለው የ40 በመቶው ብቻ ከሆነ አንድ እጁን በሦስት እጅ ለመርፌ በሚሆን ውሃ በጥብጡት። አምፒሲሊን 50 ሚሊ ግራም በኪሎ በየ12 ሰዓቱ፣ ለዚህ ልጅ 115። ጄንታማይሲን በቀን አንዴ 5 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ በታች ከሆነ ግን 3፣ ስለዚህ ለእሱ 7 ገደማ። ቫይታሚን ኬ 1 ሚሊ ግራም።

ሙቀቱ 36.5 ሳይደርስ መኪና ላይ አትጫኑት የሚል ጥብቅ ሐኪም ይኖራል። እኔ መካከለኛውን መንገድ እመርጣለሁ፦ ማሞቂያው ሥር ቱቦው ገብቶ፣ መስመሩ ተከፍቶ፣ ፈሳሹ እስኪገባ ያለችው አንድ ሰዓት ልጁንም ታሞቀዋለች። ሰዓት ቆጥቦ በ34 ዲግሪ ከማድረስ ሰዓት አባክኖ በ36.8 ማድረስ ይሻላል። በጠርሙስ የሞቀ ውሃ አጠገቡ አታድርጉ፤ የቀዘቀዘ ሕፃን ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ደውሉ። የሕፃናት ቀዶ ሐኪም መኖሩን ሳያረጋግጡ ሐረር ደርሶ እንደገና ወደ አዲስ አበባ መላክ ሁለት ጉዞ ነው።

አሁን ሆስፒታሉ ወደ ሰቀለው ከረጢት ልመለስ። ሳይሎ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከእህል ጎተራ ነው። ሹስተር የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ1967 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ከሆድ ግድግዳ ጋር የሚሰፋ ነበር። አሁን የሚመረጠው ከሲሊኮን የተሠራና አፉ ላይ የስፕሪንግ ቀለበት ያለው ነው፤ ቀለበቱ በጣት ታጥፎ በቀዳዳው ይገባና ከሆድ ግድግዳው ሥር ሲለቀቅ ራሱ ይዘረጋል። ሙሉ ማደንዘዣ አይጠይቅም፤ ማሞቂያው ላይ እንዳለ ይሠራል። ቀለበቱ ከመግባቱ በፊት ጣት በቀዳዳው ዙሪያ በውስጥ በኩል ይዞራል፤ ከጠርዙ ጋር የተጣበቀ አንጀት ካለ ቀለበቱ ያንቀዋልና። ለአብዛኛው ልጅ የ4 ወይም የ5 ሴንቲ ሜትሩ ይበቃል። ቀዳዳው ለቀለበቱ ጠባብ ከሆነ በማደንዘዣ ጠርዙ ጥቂት ይከፈታል እንጂ አንጀቱ በግድ አይጎተትም።

ከዚያ ከረጢቱ ከማሞቂያው ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰቀላል። እብጠቱ እየቀነሰ ሲሄድ አንጀቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ሐኪሙ በመዳፉ ቀስ አድርጎ ይገፋና ባዶ የቀረውን ከላይ በክር ይቋጥረዋል፤ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ከጫፉ እየተጠቀለለ እንደሚሄደው። ሲገፋ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም እግሩ ከጠቆረ የዚያ ቀን ድርሻ አልቋል፤ ግማሽ ሴንቲ መልሶ መልቀቅም ያስፈልግ ይሆናል። አብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። ሳምንት ካለፈ ጠርዙ ላልቶ ቀለበቱ መውጣት ይጀምራል፣ ኢንፌክሽንም ይገባል። ሌሊት ላይ ነርሷ ልትይዘው የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር ከረጢቱ ወደ ጎን እንዳይዘነብል ነው፤ የተዘነበለ ሳይሎ ውስጥ ያለ አንጀት በጥቂት ሰዓት ሊጠቁር ይችላል።

የተሠራው ሳይሎ በሌለበት ከስቴራይል የሽንት ከረጢት ይቆረጣል። ከረጢቱ እዚያው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ከማሸጊያው ይወጣል፤ አስቀድሞ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ውስጥ ማስገባት ያበላሸዋል። ለስላሳው የውስጥ ገጽ ወደ አንጀቱ ሆኖ ጠርዙ ከቀዳዳው ዙሪያ ጋር በ2-0 ወይም 3-0 ሐር ክር ተከታታይ ስፌት ይያዛል። የሴት ኮንዶምም ቀለበት ስላለው በአንዳንድ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ጥቅም ላይ ውሏል። የእጅ ጓንት ግን ቀጭን ነው፤ ስፌቱ ላይ ይቀደዳል።

አንጀቱ ከቆዳው ጋር እኩል ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በሙሉ ማደንዘዣ የሆድ ግድግዳውን ጅማታዊ ሽፋን ሰፍቶ መዝጋት ነው። ሁለተኛው የሚያምረኝ ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ሳንድለርና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ያለ ስፌት መዝጊያ። እናንተ ረጅም አድርጋችሁ የተዋችሁት እትብት እንደ ክዳን ቀዳዳው ላይ ይጠቀለላል፤ ላዩ ግልጽ በሆነ የሚጣበቅ ፕላስተር ይሸፈናል፤ በሳምንታት ውስጥ ሥጋው ራሱ ቀዳዳውን እየሰበሰበ ይዘጋዋል። እምብርቱ የተፈጥሮ ይመስላል። ሙሉ ማደንዘዣና የመተንፈሻ ማሽን እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እምብርቱ ላይ ትንሽ እብጠት ሊቀር ይችላል፤ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። አሳጥራችሁ ያሰራችሁት፣ ደርቆ የደረሰ እትብት ግን ለዚህ አይውልም።

በየትኛውም መንገድ ቢዘጋ ቀጣዩ 48 ሰዓት የግፊት ጥበቃ ነው። በሽንት ቱቦ 1 ሚሊ ሊትር በኪሎ ሳላይን አስገብቶ የፊኛን ግፊት መለካት ይቻላል፤ ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ካለፈ አደጋ ነው። መለኪያ ከሌለ ዓይን አለ፦ ሽንቱ ቆመ፣ እግሮቹ ሰማያዊ ሆኑ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ኦክስጅን ፍላጎቱ ጨመረ። ያን ጊዜ ስፌቱ ተፈትቶ ሳይሎ ይመለሳል። ይህን ለማድረግ ያፈረ ሐኪም ልጁን ያጣዋል።

ከአሥር ሕፃናት በአንዱ ገደማ አንጀቱ አንድ ቦታ የተዘጋ ወይም የተቋረጠ ሆኖ ይገኛል። በመጀመሪያው ቀን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን መቀጠል ያጓጓል፤ ግን ያበጠ አንጀት ስፌት አይይዝም። አንጀቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ጨጓራው በቱቦ ባዶ እየሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከተጠበቀ በኋላ ሲከፈት ያ የገንፎ ቅርፊት ጠፍቶ አንጀቱ አንጀት ይመስላል። ችግሩ እስከዚያ በደም ሥር መመገብ ማስፈለጉ ነው፤ ያ ከሌለ አንዳንዴ ስቶማ ማውጣት፣ ማለትም የአንጀቱን ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ አውጥቶ ሰገራው በዚያ እንዲወጣ ማድረግ፣ ግድ ይሆናል።

ያልተዘጋ አንጀትም ቢሆን ወዲያው አይሠራም፤ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይተኛል፤ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሆዱ የተዘጋለት ልጅ በረሃብና በኢንፌክሽን የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ግሉኮስ ብቻውን ምግብ አይደለም፤ አሚኖ አሲድ ከተገኘ ቢያንስ እሱ ይጨመር። እናቲቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቀን ስምንት ጊዜ ጡቷን ትለብ። እንገሩ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጠብታ ጠብታ ጉንጩ ውስጥ ይቀባ፤ ይህ መመገብ አይደለምና አይከለከልም። ከቱቦው የሚወጣው ከአረንጓዴ ወደ ነጭ ውሃ ሲለወጥና መጠኑ ሲቀንስ የጡት ወተት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በኪሎ በቀን ይጀመራል፤ ከያዘለት በየቀኑ በዚያው ልክ ይጨመራል። አረንጓዴ ካስመለሰ አንድ ቀን ይቆማል፣ እንደገና ይሞከራል። ያለ እናቲቱ የተላከ ልጅ ይህ ሁሉ ይጎድልበታል፤ ደም ካልፈሰሳት አብራ ትሂድ። ስትሳፈር በኦሮምኛም ሆነ በሶማሊኛ፣ በሚገባት ቋንቋ፣ ሁለት ነገር ንገሯት፦ ዕቃ ስላነሳች ወይም የሆነ ነገር ስለበላች አይደለም፤ ልጁም ሊድን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣላችሁ ልጅ ሌላኛው ዓይነት ሊሆን ስለሚችል እሱንም በአጭሩ። አንጀቱ፣ አንዳንዴም ጉበቱ፣ በስስ ከረጢት ተሸፍኖ እትብቱ ከከረጢቱ ጫፍ የሚወጣ ከሆነ ኦምፋሎሴል ነው። እዚህ ጥድፊያ የለም። ከረጢቱ እንዳይቀደድ ብቻ ጠብቁት፤ ከተቀደደ ከላይ እንደተባለው ነው። የስኳር መጠኑን ደጋግማችሁ ለኩ፣ በተለይ ምላሱ ትልቅ ከሆነ። ልቡም በአልትራሳውንድ ይታይ፤ የልብና የክሮሞዞም ችግር አብሮት ይመጣል። ትንሹ ይሰፋል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ጉበት የያዘው ግን ሲልቨር ሰልፋዳያዚን እየተቀባ፣ በጎዝና በፋሻ እየተደገፈ በሳምንታትና በወራት ቆዳ ያበቅላል፤ የሚቀረው ሄርኒያ (በሆድ ግድግዳው ክፍተት የሚወጣው እብጠት) ልጁ ካደገ በኋላ ይጠገናል። አዮዲን በሰፊው ለረጅም ጊዜ መቀባት ወደ ደም ገብቶ የታይሮይድ ዕጢን ያደክማል። የገበያ ማርና ቅቤ ደግሞ ከቤት እንዳይቀቡበት አስጠንቅቁ።

ትንሹ ኦምፋሎሴል እንዲያውም አዋላጅን ያታልላል። እትብቱ ሥሩ ላይ ወፈር ያለ፣ ሎሚ የሚያህል ሆኖ ሌላው ሁሉ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን አንድ ቀለበት አንጀት አለ። ክላምፑ እንደ ልማዱ ሥሩ ላይ ሲያርፍ አንጀቱን ይይዛል፤ መቀሱም ይቆርጠዋል። ሥሩ የወፈረ እትብት ካያችሁ በባትሪ ብርሃን አስተላልፋችሁ ተመልከቱት፤ ክላምፑንም እብጠቱ ካለቀበት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ።